የወንጀል ልብ ወለድ፦ በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ? (መልሶቹን በየቁጥራቸው ሰብስቤያለሁ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ማብራሪያው ግን ትንሽ ስለሚረዝም ቻሉኝ።

ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። የወንጀል ታሪክ። ፒያሳ አንድ አሮጌ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ሞቶ ይገኛል። ምርመራው ከዚያ ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ይወርድና ብሔራዊ ቴአትርን ይዞ ለገሀር ይደርሳል። ችግሬ ቋንቋው ነው። እቤት ያደግኩት በጉራጊኛ ነው፣ ሰፈር የተሰዳደብኩት በአማርኛ፣ የተፈተንኩት በእንግሊዝኛ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሞከርኩት። በእንግሊዝኛው መርማሪው ሳጅኔ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ፖሊስ ሆኖ ቁጭ አለ፤ በወረቀት ኩባያ ቡና ይዞ ይንጎራደዳል። በአማርኛው ደግሞ ሁሉም ሰው መምከር ጀመረ። ሬሳ አጠገብ ቆሞ ምክር! በየቱ ልጻፍ? ደግሞስ የወንጀል ታሪክ በአማርኛ ማን ያነባል?

ይህን ለጥፌ ተኛሁ። ስነሳ ክሩ፣ ማለትም የመልሱ ሰንሰለት፣ ተቀጣጥሎ ጠበቀኝ። አሁን የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚሰለቸው መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አፍ ላስቀምጥ። ስድቡን ቀንሻለሁ። የራሴን አስተያየት ግን አልቀነስኩም።

ቁጥር 1። የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረ፣ ወንድሜ እያለ ቀጠለ። ቋንቋ ከመምረጤ በፊት አንድ አንባቢ እንድመርጥ መከረኝ። ሕዝብ ሳይሆን አንድ የማውቀው ሰው። ያ ሰው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያነብ ከሆነ አማርኛ፣ ቦሌ ኤርፖርት በረራ እየጠበቀ የሚያነብ ከሆነ እንግሊዝኛ ነው አለ። ጥሩ ምክር ነው። ብቻ እኔ የማውቃቸው ሰዎች በሁለቱም ቦታ የሚያዩት ስልካቸውን ነው።

ቁጥር 2 ዞር ዞር አላለም፣ እንግሊዝኛ አለ። የአማርኛ መጽሐፍ ጸሐፊው ራሱ ከፍሎ አሳትሞ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ራሱ የሚሸጠው ነገር ነው። ሳይረግብ ደግሞ በፒዲኤፍ ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ማስረጃ ብሎ በእንግሊዝኛ የምትጽፈውን ደራሲ መዓዛ መንግሥቴን ጠቀሰ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብታለች። ቁጥር 3 ወዲያው አረመው። መዓዛ አዲስ አበባ ተወልዳ በሕፃንነቷ ነው ከአገር የወጣችው፣ እንግሊዝኛ ለሷ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሳይሆን የኑሮ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ለእኔ ምሳሌ አትሆንም። ትክክል ነው፣ እኔ በእንግሊዝኛ ተናድጄ አላውቅም።

ቁጥር 4 እንደሚጠበቀው ኬንያዊውን ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎን ይዞ መጣ። እንግሊዝኛውን ትቶ በእናት ቋንቋው በጊኩዩ የጻፈ ሰው እያለ እኛ ፊደል ያለን ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቃችን ነውር ነው አለ። ቁጥር 5 ጥሩ ዱላ ሰነዘረ፦ ንጉጊ እንግሊዝኛውን የተወው በእንግሊዝኛ ስሙ ዓለምን ከዞረ በኋላ ስለሆነ ነገሩ ጠግቦ መጾም ነው ባይ ነው። ስቄ ሳልጨርስ ቁጥር 6 ደረሰ። ሰውዬው በጊኩዩ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን የጻፈው እስር ቤት ሆኖ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ መሆኑን አስታወሰና የትኛውን ጥጋብ ነው የምታወራው ብሎ ቁጥር 5ን አፋጠጠው። ቁጥር 5 ዳግም አልታየም።

ከ7 እስከ 9 ያሉት ስለ ሽንት ቤት ወረቀት ዋጋ፣ ከዚያ ስለ ማተሚያ ወረቀት ዋጋ፣ ከዚያ ስለ ዶላር ናቸው። እለፉት።

ቁጥር 10 ላይ ቆም በሉ። ጸሐፊው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ የሚያዞር ልጅ ነው። ክንዱ ላይ እስከ አገጩ ደርድሮ ካፌ ለካፌ ይዞራል። የትኛው መጽሐፍ ከላይ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው መሃል እንደሚደበቅ ሁሉ ነገረን። ከላይ የሚሆነው ስለ ስኬትና ስለ ሀብት የሚያወራው ትርጉም መጽሐፍ ነው፤ ማንም ሰው እሱን ሲገዛ ቢታይ አያፍርም። ታሪክና ፖለቲካ ቀጥሎ ይመጣል። የስለላና የወንጀል ታሪክ ከታች ነው። የሚፈልገው ሰው ግን ጠፍቶ አይደለም። አንድ ሱፍ ለባሽ ደንበኛ አለው፣ ጠና ያሉ ሰውዬ። ማኪያቷቸውን ይዘው በዓይን ይጠሩታል። እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ ሁልጊዜ ይገዛሉ፣ ሁልጊዜም ጋዜጣ ውስጥ አስጠቅልለው ነው የሚወስዱት። አንድ ቀን ለልጆቼ ነው አሉት። በሌላ ጊዜ ደግሞ ልጅ እንደሌላቸው ሲያወሩ ሰማቸው። ስለ እንግሊዝኛውም ተናገረ፦ አሮጌ የእንግሊዝኛ መርማሪ ታሪኮችን ቋንቋ ማሻሻል የሚፈልጉ ተማሪዎች ይገዙታል፣ አዲስ አበባ ላይ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የጠየቀው ግን ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ብቻ ነው።

ለእኔ ክሩ እዚህ ላይ ነው የዞረው። እስከዚህ ድረስ ሁላችሁም ስለ ቋንቋው ነበር የምትከራከሩት። የጥያቄዬን ሁለተኛ ግማሽ ማንም አልነካውም ነበር።

ቁጥር 11 ነካው፣ ያውም በክርን። ይሄ ሰው የሚጽፈው አማርኛ ያምራል፣ አልክድም። በአማርኛ መጻፌን ደገፈ፤ ግን ቅኔ የተቀኘንበትን ቋንቋ ለሬሳና ለሽጉጥ ማዋል ብክነት ነው አለ። የወንጀል ታሪክ የፈረንጅ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ የእኛ ሥነ ጽሑፍ የቁም ነገር ነው፣ ስለዚህ ወይ ቁም ነገር ልጻፍ ወይ እንግሊዝኛው ይውሰደኝ። ቁጥር 12 ከሥሩ አጨበጨበ።

ቁጥር 13 ጨዋ አልነበረም። ኦሮማይን የሚያህል የአማርኛ ልብ ወለድ ሰላይ የሚታደንበት ታሪክ መሆኑን ረስተኸው ነው ወይ ብሎ ጀመረ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም በ1976 የካቲት ላይ እንደወጣ ቀረ። ሰው በጊዜ ማሳለፊያ ምክንያት አይጠፋም ብሎ ዘጋ። ከዚህ በላይ የጻፈውን ቆርጬዋለሁ፣ የቁጥር 11ን እናት የሚመለከት ስለሆነ።

ቁጥር 14 መምህር ትመስላለች፣ ረጋ ብላ ወደ መነሻው ወሰደችን። በአማርኛ የመጀመሪያ የሚባለው ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ነው የታተመው። በውስጡ ያለው ምንድን ነው? ጦርነት፣ ምርኮ፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ፣ ፍቅር፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ሴት ልጅ። ጀብዱ ነው እንግዲህ። ቁም ነገሩ የገባው በጀብዱው ተሳፍሮ ነው። ታዲያ ልብ ወለዳችን በዚህ ከጀመረ ሬሳና ሰላይ የፈረንጅ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው ስትል ጠየቀች። ቁጥር 11 መልሱን አልሰጠም፤ ኦሮማይ በእንግሊዝኛ ለመውጣት እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ጠበቀ፣ አርባ ዓመት የምትጠብቅ ከሆነ እሰየው ብሎ በሌላ በር ወጣ። ይሄ ቁጥር 15 ነው። ቁጥር 16 በአንድ መስመር መለሰለት፦ በአማርኛ ባይጻፍ ኖሮ የሚተረጎም ነገርም አይኖርም ነበር።

ቁጥር 17 ጋሼ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ አልናቸው፣ እሳቸውም ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። ረጅም ነው፣ ግን ከክሩ ውስጥ አንድ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ። ወንጀል ፈልጎ ማግኘት የፈረንጅ ነው የሚለው አስቋቸዋል። በድሮ ጊዜ ሌባ ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ እንደነበር ነገሩን፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይነዳል፣ የገባበት ቤት ባለቤት ወዮለት። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታም ነበር። አገሬው ሁሉ አንድ ሜዳ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ሥራ መሄድ የለም። ጠርጣሪውም ተጠርጣሪውም ምስክሩም እዚያው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። አስቡት እስቲ፣ ከዚህ የተሻለ የወንጀል ታሪክ መድረክ የት አለ? ሙግቱ ሲጀመር ደግሞ በላ ልበልሃ አለ። ጋሼ በልጅነታቸው የሰሙትን አንድ ተሟጋች ሲገልጹት ያየሁት ያህል ነው የተሰማኝ፤ ኩታውን ትከሻው ላይ አጣፍቶ፣ ዘንጉን ወደ ባላንጣው ዘርግቶ፣ ጥያቄውን በግጥም ቤት እየመታ ይጠይቃል፣ ያኛው በዚያው ቤት ካልመለሰ ተመልካቹ ያጉረመርማል።

ከዚያ ጉራጊኛዬን አነሱት። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጉራጊኛ የጻፉት ልብ ወለድ በቮልፍ ሌስላው ተተርጉሞ በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጽፈዋል። ከእንግሊዝኛዎቹ አንዱ ርዕሱ ራሱ አፈርሳታ ነው፤ ቤት ተቃጥሎ ጥፋተኛው ሲፈለግ። እንግዲህ ያንተን ሦስት ቋንቋ ይዞ፣ ያንተን ወንጀል ይዞ፣ ከ50 ዓመት በፊት መንገዱን የጠረገልህ የአገርህ ሰው አለና ምን ያስጨንቅሃል አሉኝ። ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ፣ ትንሽ ደግሞ ቀናሁ።

ቁጥር 18 አራሚ ነው። ሥራው ማረም ነው ማለቴ ነው፣ ደመወዝ የሚበላበት። ጽሑፌ ውስጥ ያሉትን ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣ። ከ19 እስከ 21 የሚቀጥለው የፊደል ጦርነት ነው። አንዱ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አለ፣ ሌላው ያባትህን አጥንት ቀንስ አለው።

ቁጥር 22 ላይ አንዲት ልጅ የሙያ ጥያቄ ጠየቀች፣ እኔም የምፈልገው እሱን ነበር። አማርኛ ገዳይ መደበቅ አይችልም አለች። በእንግሊዝኛ አንድ ሰው በር ከፍቶ ገባ ብለህ ጾታውን ሳትናገር ሦስት ገጽ ትሄዳለህ። በአማርኛ ገባ ካልክ ወንድ ነው፣ ገባች ካልክ ሴት ናት። አንባቢ በመጀመሪያው ግሥ ተጠርጣሪዎቹን በግማሽ ቀነሳቸው ማለት ነው። ጨዋታው አለቀ።

ቁጥር 23 አላለቀም አላት። ይሄ ልጅ ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር። አንደኛ፣ አክብሮቱ ጾታ የለውም፤ ገቡ፣ አዩ፣ ወጡ ስትል ወንድም ሴትም ይሆናሉ። የሟቹ ጎረቤት ትልቅ ሰው ከሆኑ ገዳዩን በአንቱታ ብቻ መሸሸግ ይቻላል። ሁለተኛ፣ በአንደኛ መደብ ጻፈው፦ ገባሁ፣ ጠበቅኩ፣ መታሁ። ይሄን ወንድ ይበለው ሴት ትበለው ማን ያውቃል? መጠንቀቅ ያለብህ አንድ ቦታ ነው፤ በእነዚያ ምዕራፎች ውስጥ ማንም ሰው ገዳዩን አንተ ወይም አንቺ እንዳይለው። በስልክ እንዲያወራ አድርገው፣ ወይ እርስዎ በሚሉት ሰው መሃል አስቀምጠው። ሦስተኛው ትንሽ ተንኮል አለበት፦ አንባቢ ራሱ ግሥ ባያገኝም ጾታ ይሰጣል፣ ስለዚህ ተወው፣ ራሱ ይሳሳት።

ቁጥር 24 እኔ ነኝ። ሦስተኛው መሥራቱን መሰከርኩ። ጥያቄዬን መልሳችሁ አንብቡት፣ አንድም ቦታ ወንድ ነኝ አላልኩም። ከቁጥር 1 ጀምሮ ወንድሜ፣ ብሮ፣ አለቃ ስትሉኝ ዝም አልኩ። ሴት ነኝ።

ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ቁጥር 25 እህቴ ይቅርታ አለ፣ በቃ፣ እንደ ሰው። ቁጥር 26 ግን፣ ይሄ ከላይ የወንጀል ታሪክ ግፋበት ብሎ ካጨበጨቡት አንዱ ነው፣ ሴት መሆኔን ሲሰማ ምክሩን ቀየረ። እንግዲያውስ የፍቅር ታሪክ ብትሞክሪ ይሻልሻል፣ ለሴት ስሜት ይቀላል አለኝ። ከሰዓት በፊት እኮ ያው እኔ ነበርኩ! ቁጥር 27 ላይ 22ኛዋ ልጅ መጥታ ሸኘችው። ምን እንዳለችው ሄዳችሁ አንብቡ፣ እኔ ለመድገም አልደፍርም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በፍቅር ታሪክ ላይ ምንም የለኝም፣ እሱም እንደ ወንጀሉ ጋዜጣ የሚጠቀለልለት ዘውግ ነው። የሚያናድደኝ የሰው ልክ ታይቶ ዘውግ ሲመደብ ነው፦ ለጎምቱው ቁም ነገር፣ ለሴቷ ፍቅር፣ ለወጣቱ ወንጀል።

ቁጥር 28 የሆቴል እንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ነው፣ የማታ ፈረቃ። የሰዓቱን ነገር አነሳ። የእኛ ሁለት ሰዓትና የፈረንጁ ሁለት ሰዓት የስድስት ሰዓት ልዩነት አላቸው። መዝገብ ላይ በየትኛው እንደሚጻፍ በፈረቃው ሰው ይወሰናል፤ እሱ ራሱ እንግዳ በሌሊት ቀስቅሶ ተሰድቦ ያውቃል። ይሄ ለወንጀል ታሪክ ስጦታ ነው ብዬ ስዘል ራሱ አቀዘቀዘኝ። የአዲስ አበባ ሰው በዚህ ያልተታለለ የለም፣ ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ወዲያው ይነቃብኛል። የፈረንጅ አንባቢ ደግሞ ሳይነገረው አይገባውም፣ ከተነገረው ነቃ። የታሪኩ ቋጠሮ አታድርጊው፣ ሳጅኑን ለአንድ ቀን የሚያሳስት የውሸት ፍንጭ አድርጊው አለ። አደርገዋለሁ።

ቁጥር 29 ሬሳውን ትቼ ስለ ሕዋ እንድጽፍ ይፈልጋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳተላይታችን ከቻይና መምጠቋን፣ እንጦጦ ላይ ቴሌስኮፕ መኖሩን አስታወሰኝ። ወንድሜ ራስህ ጻፈው፣ እገዛልሃለሁ። ቁጥር 30 ፒያሳ ጥሩ ማኪያቶ የቀረው የት ነው ብሎ ጠየቀ፣ ስምንት ሰው መለሰለት። ከጥያቄዬ በላይ መልስ ያገኘው እሱ ነው።

ቁጥር 31 ከማኪያቶው ተነስቶ ወደ እኔ መጣ፣ ደግነቱ። የትኛዋን ፒያሳ ነው የምትጽፊው አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ብዙው ፈርሷል፣ ዶሮ ማነቂያ የለም፣ አሮጌ ሆቴል ብለሽ ዛሬ ላይ ካስቀመጥሽው አንባቢ በመጀመሪያው ገጽ ይጥልሻል። ልክ ነው። ታሪኩን 2015 ላይ አደረግኩት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ይሄ የቋንቋውንም ነገር ቆረጠልኝ። በአማርኛ ዶሮ ማነቂያ ብዬ መሄድ እችላለሁ፤ አንባቢዬ ጠባቡን መንገድ፣ የጥብሱን ጭስ፣ ከፎቅ የሚወርደውን ውሃ ከራሱ ያመጣል። በእንግሊዝኛ ይሄን ሁሉ እኔ መሸከም አለብኝ። ሳጅኔ ሮጦ ሰው መያዝ ሲገባው ቆሞ ሰፈር ሊያስጎበኝ ነው።

ቁጥር 32 የመጨረሻውን ችግሬን አየልኝ፣ ያን የምክር ነገር። መርማሪ በአማርኛ እንዴት ያወራል ብለሽ አትጨነቂ፣ እያወራ ነው አለኝ። ፖሊስና እርምጃው ጋዜጣን እያነበበ ያደገ ሰው ነው። ለጊዜው ስማቸው ያልተገለጸ፣ እጅ ከፍንጅ ተይዞ፣ ክትትል እየተደረገ ይገኛል፣ አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ተልኳል። ይሄ ደረቅ አማርኛ ነው፣ ማንንም አይመክርም። ሳጅኑ ለአለቃው በዚህ ያውራ፣ ለሻይ ቤቷ ልጅ በአራዳ፣ ለእናቱ በጉራጊኛ፣ ጉራጊኛዋም ሳትተረጎም ትለፍ አለ። ሞከርኩት። ስብከቱ ጠፋ። ሰውዬው መናገር የጀመረው ሦስት አፍ ሲያገኝ ነው።

እንግዲህ በአማርኛ ነው፣ ወንጀል ነው፣ ሽፋኑም ላይ ወንጀል ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ቁጥር 10 ከላይ ደርድርልኝ፣ ለሱፍ ለባሹ ሰውዬም ያለ ጋዜጣ ስጣቸው። ቁጥር 11 አንድ ቅጂ በነጻ አለህ፣ አማርኛህን ስለምወደው። አሁን የምፈልገው ጣቢያ ውስጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ነው፦ ሌሊት የተያዘ ተጠርጣሪ ቃሉን ሲሰጥ የሚጽፈው ማን ነው፣ በእጅ ነው በኮምፒውተር፣ ሲፈርምስ ያነቡለታል? የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ። አራሚው ቁጥር 18 ደግሞ እባክህ እስክጨርስ ድረስ በሀ እና በሐ አትምጣብኝ፣ ከዚያ በኋላ ከፍዬ እቀጥርሃለሁ።